የታይትሬሽን ግራፍ በኮምፒዩተር ሲሠራ፦ በአማርኛ ስያሜዎቹ ላይ የቀረበ ሂሳዊ አስተያየት

የሙያ ቃላትን በአማርኛ የመሰየም ሥራ ከመዝገበ ቃላት አዘጋጁ ጠረጴዛ የሚነሣ ይመስላል። በተግባር ግን አብዛኛው ስያሜ የሚወለደው በጥቁር ሰሌዳ ፊት ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ቢደነግግም፣ መምህሩ መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ካነበበ በኋላ ተማሪው ፊት ላይ ግርታ ሲያይ ወደ አማርኛ ይመለሳል። በዚያች ሰዓት የሚፈጠረውን ቃል ማንም ኮሚቴ አይመረምረውም፤ በደብተር ኅዳግ ላይ ይጻፍና ከዚያ ወደሚቀጥለው ዓመት ተማሪ ይተላለፋል። ስለዚህ የስያሜ ሂስ በታተሙ መዝገበ ቃላት ብቻ ሳይወሰን እነዚህንም የክፍል ቃላት ሊመለከት ይገባዋል ብለን እናምናለን።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን አንድ የኬሚስትሪ መምህር ለተማሪዎቹ ያሰናዳው ጥቂት ገጾች ያሉት የአማርኛ መምሪያ ነው። መምሪያው የታይትሬሽንን ግራፍ በኮምፒዩተር የሠንጠረዥ ፕሮግራም እንዴት መሥራት እንደሚቻል ያስረዳል። ትምህርቱ በሚሰጥበት ጊዜም በክፍሉ ተገኝተን አዳምጠናል። የመምህሩንም ሆነ የትምህርት ቤቱን ስም አንጠቅስም። የኬሚካልና የመሣሪያ እጥረት ባለበት ክፍል ተማሪው ነገሩን በዓይኑ እንዲያይ መድከሙ የሚያስመሰግነው ሲሆን፣ ሂሳችን የሚያተኩረው በመረጣቸው ቃላት ላይ ነው። ቃላቱም የእሱ ብቻ አይደሉም፤ ከሌሎች መምህራን አንደበትም የምንሰማቸው ናቸው።

1. ስለ ነገሩ በአጭሩ

ታይትሬሽን ክምችቱ ያልታወቀ አሲድ ወይም ቤዝ፣ ክምችቱ በታወቀ ሌላ ሙሙት አማካይነት የሚለካበት ዘዴ ነው። ቡሬት ከተባለው ረጅም የመስተዋት ቱቦ ቤዙ በጠብታ ወደ አሲዱ ይወርዳል፤ በየመካከሉም ፒኤቹ ይነበባል። ፒኤች የተባለውን መለኪያ ያስተዋወቀው ዴንማርካዊው ኬሚስት ሶረንሰን ሲሆን፣ ይህም በኮፐንሃገን በካርልስበርግ ላቦራቶሪ ይሠራ በነበረበት በ1909 እ.ኤ.አ. ነው። የወረደውን የቤዝ መጠን በአግድም፣ ፒኤቹን በቁም ይዘን ነጥቦቹን ብናያይዝ መጀመሪያ ለጥ ያለ፣ ቀጥሎ ድንገት ሽቅብ የሚወጣ፣ በመጨረሻም እንደገና ለጥ የሚል መስመር እናገኛለን።

ምሳሌ እንውሰድ። 25 ሚሊ ሊትር 0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ላይ 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ብናንጠባጥብ፣ ፒኤቹ ከ1.00 ይነሣል። 24.9 ሚሊ ሊትር ሲገባ ገና 3.70 ነው፤ 25.1 ሲገባ ግን 10.30 ይሆናል። ይህ ከስድስት ተኩል በላይ የሆነ ዝላይ የሚፈጸመው በ0.2 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም በአራት ጠብታ ያህል ነው።

ይህን ሁሉ በእጅ ማስላት አድካሚ ነበር። የተለመደው መንገድ መስመሩን በአራት ክፍል ከፍሎ ለየክፍሉ የተለየ ቀመር መጠቀም ነበር። በ1979 እ.ኤ.አ. ቪዚካልክ ብቅ ካለ ወዲህ፣ እስከ ዛሬው ኤክሴል ድረስ፣ የሠንጠረዥ ፕሮግራሞች ድካሙን አቃልለዋል። ሮበርት ደ ሌቪ የተባለው የኬሚስትሪ ሊቅ በ1993 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ደግሞ ሳይከፋፈል መላውን መስመር የሚገልጽ አንድ ወጥ ቀመር አቅርቧል። የአሠራሩ ፍሬ ነገር ጥያቄውን መገልበጥ ነው፦ ይህን ያህል ቤዝ ሲገባ ፒኤቹ ስንት ይሆናል ከማለት ይልቅ፣ ፒኤቹ ይህን ያህል እንዲሆን ስንት ቤዝ ያስፈልጋል ብሎ መጠየቅ።

በዚህ አሠራር ተማሪው የሚሞላቸው ሣጥኖች አሉ፤ የአሲዱ መጠን፣ የአሲዱ ክምችት፣ የቤዙ ክምችት፣ አሲዱ በውኃ ውስጥ ምን ያህል ወደ አዮን እንደሚለያይ የሚገልጸው ቋሚ ቁጥር። የቋንቋ ሰው ልብ የሚለው እዚህ ላይ ነው። በንግግር አንድ ቃል ሁለት ነገር ቢይዝ ከዐውዱ እንለየዋለን፤ ሣጥኑ ግን ዐውድ አያውቅም። ስለዚህ ኮምፒዩተሩ፣ ሳያስበው፣ የስያሜዎቻችን ፈታኝ ሆኖ ይገኛል። መምሪያውም የወደቀባቸው ፈተናዎች የሚከተሉት ናቸው።

2. ሁለት ነጥቦች በአንድ ስም

በታይትሬሽን ውስጥ ተለይተው ሊታወቁ የሚገባቸው ሁለት ነጥቦች አሉ። አንደኛው የገባው ቤዝ ከአሲዱ ጋር በኬሚካዊ ሒሳብ ልክ የሚመጣጠንበት ነው። ሁለተኛው አመልካቹ ቀለሙን ሲለውጥ ሠሪው ቡሬቱን የሚዘጋበት ነው። የመጀመሪያው በስሌት ይታወቃል፤ ሁለተኛው በዓይን ይታያል። መምሪያው ለሁለቱም “የመጨረሻ ነጥብ” የሚል አንድ ስም ሰጥቷቸዋል።

ጉዳቱን በቁጥር እናሳይ። በአቼቶ ውስጥ የሚገኘውን አሴቲክ አሲድ፣ 25 ሚሊ ሊትር በ0.1 ሞላር፣ በዚያው 0.1 ሞላር ቤዝ ብንለካ ሚዛኑ የሚገጥመው 25 ሚሊ ሊትር ላይ ነው። አመልካቹ ፊኖልፍታሊን ከሆነ ቀለሙ ከ8.2 ጀምሮ ስለሚታይ ሁለቱ ነጥቦች ሊለዩ እስከማይችሉ ድረስ ይቀራረባሉ። አመልካቹ ሜቲል ኦሬንጅ ከሆነ ግን ቀለሙ ከ3.1 እስከ 4.4 ባለው ውስጥ ስለሚለወጥ፣ ገና 7.6 ሚሊ ሊትር ያህል ሲገባ ለውጡ ያበቃል። ያ ተማሪ ቡሬቱን ዘግቶ ከአሲዱ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሆነውን ሳይለካ ይቀራል።

እንግዲህ ትክክለኛ አመልካች መምረጥ ማለት ሁለቱ ነጥቦች እንዲገናኙ ማድረግ ነው። በአንድ ስም የሚጠሩ ነገሮች እንዲገናኙ መጣር ግን ትርጉም የለውም፤ ቀድሞውንም አንድ ናቸውና። ትምህርቱ ሊያስተምር የተነሣውን ቁም ነገር ስያሜው አስቀድሞ ሰረዘው ማለት ነው። በዚህ ላይ “መጨረሻ” የሚለው ቃል ግራፉ እዚያ የሚያልቅ ያስመስላል፤ መስመሩ ግን ከነጥቡ አልፎ ይቀጥላል።

3. እኩልነትና አቻነት

መምህሩ የመጀመሪያውን ነጥብ በቃል ሲያስረዳ “አሲዱና ቤዙ እኩል የሚሆኑበት” አለ። በምሳሌው 25 ሚሊ ሊትር ለ25 ሚሊ ሊትር ስለ ነበር ማንም አልጠየቀም። የቤዙ ክምችት 0.2 ሞላር ቢሆን ኖሮ 12.5 ሚሊ ሊትር ይበቃ ነበር፤ “እኩል” የሚለውም ቃል ወዲያው ይከሽፍ ነበር። ሌሎች ተማሪዎች ደግሞ “እኩል” ሲባል ገለልተኛውን ፒኤች 7ን ተረድተዋል። ለሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይህ ይሠራል፤ ለአሴቲክ አሲድ ግን የሚዛኑ ነጥብ ፒኤች 8.73 ላይ ነው። ፒኤች 7 ላይ የገባው ቤዝ 24.86 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው።

አማርኛ ለዚህ የተሻለ ቃል አለው። “አቻ” በመልክ ወይም በመጠን ሳይሆን በዋጋ የሚመጣጠኑትን ይገልጻል። “ያቻ ጋብቻ” ስንል ሙሽሪትና ሙሽራው በቁመት እኩል ናቸው ማለታችን አይደለም። ከሁሉ በላይ ቃሉን ተማሪው ከአንደኛ ደረጃ ሒሳብ ያውቀዋል፤ አንድ ሁለተኛና ሁለት አራተኛ “አቻ ክፍልፋዮች” ናቸው ተብሎ ተምሯል። ቁጥሮቹ ይለያያሉ፣ ዋጋቸው ይገጥማል። 12.5 ሚሊ ሊትር ለ25 ሚሊ ሊትር አቻ መሆኑም የዚሁ ዓይነት ነው። ስለዚህ “የአቻነት ነጥብ” የሚለውን እናቀርባለን። ለሁለተኛውም ነጥብ፣ “አመልካች” የሚለው ቃል አስቀድሞ ስለ ለመደ፣ ከዚያው ሥር የወጣውን “የምልክት ነጥብ” እንመርጣለን። ያን ጊዜ “የምልክት ነጥቡ ከአቻነት ነጥቡ ራቀ” ብሎ መናገር ይቻላል፤ ይህም ዐረፍተ ነገር በመምሪያው ቃላት ሊባል የማይችል ነበር።

4. “ኩርባ” የሚያሳስተው

መምሪያው ግራፉን “የታይትሬሽን ኩርባ” ይለዋል። በዕለት ንግግራችን ኩርባ የመንገድ መታጠፊያ ነው፤ “ኩርባው ላይ ቁም” ስንል የምናመለክተው አንድን ቦታ ነው። ቃሉን የሰማ ተማሪ ዓይኑ የሚሄደው መስመሩ ወደሚታጠፍበት ነው። በክፍሉ ውስጥ የአቻነት ነጥቡን በጣታቸው እንዲያሳዩ ሲጠየቁ ከአንድ በላይ የሆኑ ተማሪዎች ጣታቸውን ያሳረፉት መስመሩ ሽቅብ መውጣት በሚጀምርበት መታጠፊያ ላይ ነበር። እንዲህ ማድረጋቸው የሚያስወቅሳቸው አይደለም፤ የታዘዙትን ቃል ተከትለዋል። የአቻነት ነጥብ ግን የሚገኘው በሁለቱ መታጠፊያዎች መካከል፣ ዳገቱ እጅግ በበረታበት ስፍራ ነው፤ በዚያም ላይ መስመሩ ቀጥ ያለ ይመስላል እንጂ ጎብጦ አይታይም።

“ጥምዝ” ቢባል ደግሞ መጠማዘዝን ስለሚያሳስብ ከዚህ የተሻለ አይሆንም። በእኛ አስተያየት “ግራፍ” የሚለው ውሰት ቃል በትምህርት ቤት ውስጥ ስለ ሠረጸ “የታይትሬሽን ግራፍ” ማለት ይበቃል። አገርኛ ቃል ሁልጊዜ ከውሰት ቃል ይበልጣል የሚለው አስተሳሰብ እንዲህ ባለው ቦታ ዋጋ ያስከፍላል። ቃሉ አገርኛ በሆነ መጠን ከዕለት ኑሮ ይዞት የሚመጣው ጓዝም የዚያኑ ያህል ይበዛል።

5. ጥንካሬና ክምችት

ሦስተኛው ችግር በሣጥኖቹ ውስጥ በግልጽ ታየ። መምሪያው አንዱን ሣጥን “የአሲዱ ጥንካሬ” ብሎ ሰይሟል። መምህሩ “አሁን አሲዱን ደካማ አድርጉት” ባለ ጊዜ ግማሾቹ ተማሪዎች የመለያየቱን ቋሚ ቁጥር ለወጡ፤ ግማሾቹ ክምችቱን ከ0.1 ወደ 0.001 አወረዱ። ሁለቱም ቡድኖች የታዘዙትን የፈጸሙ መስሏቸዋል፤ ግራፎቻቸው ግን የተለያዩ ሆኑ።

በኬሚስትሪ የአሲድ ብርቱነትና የሙሙት መወፈር ሁለት ነገሮች ናቸው። 0.1 ሞላር አሴቲክ አሲድ ፒኤቹ 2.88 ነው፤ 0.001 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤቹ 3.00 ነው። አንደኛው ደካማ ነው ግን ወፍራም፤ ሁለተኛው ብርቱ ነው ግን መቶ እጥፍ የቀጠነ። በመነሻ ፒኤች ሊለዩ ጥቂት ቀራቸው። የገበታ ቋንቋችን ይህን ልዩነት አያጣውም፤ ሻይ “ቀጠነ” እንላለን እንጂ ሻይ ቅጠሉ “ደከመ” አንልም። ስለዚህ ለአሲዱ ባሕርይ “ብርቱ”ና “ደካማ”፣ ለመጠኑ ደግሞ “ክምችት” ተለይተው እንዲቆሙ፣ “ጥንካሬ” የሚለው ቃል ከሁለቱም እንዲወጣ እናሳስባለን።

6. “ሞዴል” ወይስ “ማስመሰል”?

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ኮምፒዩተሩ የሚሠራውን ሥራ ራሱን ምን እንበለው የሚለው ነው። መምሪያው ሁለት ቃላት እያፈራረቀ ይጠቀማል፦ “ሞዴል” እና “ማስመሰል”። ሁለቱም ይጎዳሉ፤ ጉዳታቸው ግን ተቃራኒ ነው።

“ሞዴል” በአማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ጆሮ ባዶ ውሰት ቃል አይደለም። “ሞዴል ተማሪ” ሌሎች ሊከተሉት የሚገባ ተማሪ ነው፤ “ሞዴል አርሶ አደር” እንደዚሁ። ቃሉ ወደ ቋንቋችን የገባው የአርአያነትን ትርጉም ተሸክሞ ነው። “ማስመሰል” ደግሞ ከ“አስመሳይ” ጋር ይዛመዳል፤ ያልሆነውን ሆኖ የሚታይ፣ የማይታመን ሰው ነው። አንዱ ቃል ስሌቱን ጻድቅ፣ ሌላው ቃል ሐሰተኛ ያደርገዋል። ስሌቱ ግን ከሁለቱም አይደለም፤ በተሰጡት ቁጥሮችና ግምቶች መሠረት የሚናገር፣ ከዚያ ውጭ ሥልጣን የሌለው ነገር ነው።

ይህ የቃላት ብልጫ ጨዋታ ብቻ እንዳይመስል ያየነውን እንናገር። በመጨረሻው ቀን መምህሩ ያለውን አንድ ቡሬት አውጥቶ ተማሪዎቹ በተራ እንዲለኩ አደረገ። አንዲት ተማሪ በጥንቃቄ አንጠባጥባ ፊኖልፍታሊኑ ሐምራዊ ሲሆን 25.8 ሚሊ ሊትር አነበበች፤ ጻፈችውም። ከዚያ ኮምፒዩተሩ ላይ ያለውን ግራፍ ተመለከተችና ቁጥሯን በላጲስ አጥፍታ 25.0 ብላ ጻፈች። ለምን እንዳጠፋችው ስንጠይቃት “ሞዴሉ ሃያ አምስት ነው የሚለው” አለችን።

መምህሩ ሰምቶ ሌላ ተማሪ እንዲለካ አደረገ፤ እሱም 25.8 አገኘ። ምክንያቱ በኋላ ተገለጸ። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ክፍት ሆኖ ሲቆይ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል፤ በዚህም ኃይሉ ይቀንሳል። በጠርሙሱ ላይ 0.1 ሞላር ተብሎ የተጻፈበት ቤዝ በእውነቱ ወደ 0.097 ወርዶ ነበር። ይህን ቁጥር በሣጥኑ ውስጥ ባስገቡ ጊዜ ግራፉ ተንቀሳቅሶ 25.8 ሚሊ ሊትር ላይ ቆመ። ትክክለኛው የተማሪዋ ቁጥር ነበር። እርሷም ያጠፋችው አልሰነፈችም፣ አላታለለችም፤ ሞዴል የሆነውን መከተል እንዳለባት ቋንቋዋ ነግሯታል።

ቡሬትና ኬሚካል በማይገኝበት ትምህርት ቤት ብዙ ተማሪዎች የሚያዩት የተሰላውን ግራፍ ብቻ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ የሚያዩት ነገር ምን እንደሆነ የሚነግራቸው ሌላ አስረጂ የላቸውም፤ ያላቸው ስሙ ነው። ስያሜው የሚጠይቀው ጥንቃቄም ከዚህ የተነሣ ነው።

አማርኛ በሌላው ቦታ ስለሚቆም ነገር የሚናገርበት የቆየ ልማድ አለው። “እንደራሴ” ስንል በሌላው ስም የሚናገረውን፣ ግን ያ ሌላው ያልሆነውን ሰው እንጠራለን፤ ሥልጣኑ የተወከለበትን ያህል ነው። ይህን ቃል ለኬሚስትሪ አናቀርብም፤ የፖለቲካ ታሪኩ አይፈቅድም። ነገር ግን አስተሳሰቡ የሚያስፈልገን ነው። ከ“መሰለ” ሥር ከሚወጡት መካከል “አምሳያ” የሚለው የአርአያነትም የአታላይነትም ክስ የለበትም። “አምሳያ የለውም” በሚለው አነጋገር የእኩያነት ትርጉም እንዳለው አልጠፋንም፤ ይህም ጉድለቱ ነው። ቢሆንም “ስሌታዊ አምሳያ” ተብሎ ከቅጽል ጋር ሲቀርብ ጉድለቱ ይጠባል። ከዚህም በላይ ሁለቱ ግራፎች ተለይተው “የተሰላ ግራፍ” እና “የተለካ ግራፍ” ተብለው ቢጠሩ፣ ተማሪው ሁለቱ ሲለያዩ የትኛውን ላጥፋ ብሎ ሳይሆን ለምን ተለያዩ ብሎ ይጠይቃል።

7. ስለ “ታይትሬሽን” ራሱ

አንዳንድ ባልደረቦቻችን ዋናው ቃል ራሱ ባዕድ ሆኖ መቅረቱ አያስደስታቸውም፤ “ጠብታዊ ልኬት” የሚል ምትክም ያቀረቡ አሉ። የቃሉ ታሪክ ሊጠቀስ ይገባዋል። የፈረንሳዩ ኬሚስት ጌ ሉሳክ ዘዴውን ሲያሻሽል የተጠቀመበት ቃል ከወርቅና ከብር ሙያ የመጣ ነው፤ በአንድ ማዕድን ውስጥ ያለውን የንጹሕ ብር ወይም ወርቅ ድርሻ ያመለክት ነበር። እርሱም በ1832 እ.ኤ.አ. የብርን ጥራት በጨው ሙሙት የሚለካበትን ዘዴ አሳትሟል። ቃሉ ከአንጥረኛ ወደ ኬሚስት ተሸጋገረ ማለት ነው። የእኛም ቋንቋ ይህን መንገድ ያውቀዋል፤ “ንጥረ ነገር” የምንለው የኬሚስትሪ ቃል ወርቅና ቅቤ ከሚነጠርበት ግሥ የወጣ ነው።

ይሁንና “ጠብታዊ ልኬት” የነገሩን ላይ ልብስ እንጂ ነገሩን አይዝም። ቡሬትም ጠብታም የሌለበት፣ ቤዙ በኤሌክትሪክ ኃይል እዚያው የሚመነጭበት ታይትሬሽን አለ። የዘዴው ፍሬ አቻ መጠንን መፈለግ ነው። ይህን በአጭሩ የሚገልጽ አገርኛ ቃል እስኪገኝ ድረስ “ታይትሬሽን” በውሰትነቱ ይቆይ፤ ጥረታችን ትርጉሙን በማስተካከል ላይ ይዋል።

8. ማጠቃለያ

ከላይ ያየናቸው ችግሮች አንድ የጋራ ምንጭ አላቸው። መምሪያው ለእያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል የአማርኛ ተጣማጅ ፈልጓል፤ ነገር ግን የትኞቹ ሐሳቦች ተለይተው መቆም እንዳለባቸው አስቀድሞ አልጠየቀም። መዝገበ ቃላቶቻችንም ከዚህ ነቀፋ ነጻ አይደሉም። ቃል ለቃል የተሰለፈ ዝርዝር ለመምህሩ የሚሰጠው እርዳታ ጥቂት ነው፤ የሚጠቅመው ትርጉም፣ ተቃራኒና ምሳሌ ያለው መግቢያ ነው። በዚህ መሠረት ለውይይት የሚከተለውን ረቂቅ እናቀርባለን።

የአቻነት ነጥብ፦ የተጨመረው ሙሙት ከሚለካው ንጥረ ነገር ጋር በኬሚካዊ ሒሳብ የሚመጣጠንበት፤ በስሌት የሚታወቅ፤ የግድ ፒኤች 7 ላይ የማይገኝ።

የምልክት ነጥብ፦ አመልካቹ ቀለሙን በመለወጡ ልኬቱ የሚቆምበት፤ በዓይን የሚታይ፤ ወደ አቻነት ነጥብ እንዲቀርብ የሚፈለግ።

የታይትሬሽን ግራፍ፦ የተጨመረውን መጠንና ፒኤችን የሚያዛምድ መስመር፤ የተሰላ ወይም የተለካ ሊሆን የሚችል።

ክምችት፦ በአንድ ሊትር ሙሙት ውስጥ ያለ የሟሟ ነገር ብዛት፤ ከአሲድ ብርቱነት የተለየ።

ስሌታዊ አምሳያ፦ በተሰጡ ቁጥሮችና ግምቶች መሠረት የአንድን ክንውን ውጤት የሚተነብይ ስሌት፤ ከልኬት ጋር ሲለያይ ቁጥሮቹም ልኬቱም የሚመረመሩበት።

እነዚህን መግቢያዎች በክፍል ውስጥ የሚፈትኗቸው መምህራን ናቸው፤ ከእነርሱ የሚመጣውን እርማት በደስታ እንቀበላለን። መምሪያውን ያዘጋጀው መምህር “ሞዴል” የሚለውን ቃል ከገጾቹ ማውጣት መጀመሩን ነግሮናል። ተማሪዋም በላጲስ ያጠፋችውን 25.8 መልሳ ጽፋዋለች።